አጥሩን ለመከርከም ኅዳር እስኪገባ ታገሱን

ይድረስ ለከተማችን የአረንጓዴ ልማትና የውበት ሥራ ኃላፊዎች፣ ለየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ ለኮንዶሚኒየም የግቢ ኮሚቴዎች፣ እንዲሁም ግቢው ውስጥ ዛፍ ወይም የዕፅዋት አጥር ላለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ

ጉዳዩ፦ የአጥር ክርከማና የዛፍ ምልመላ ጊዜና ዘዴ እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

እንደምን ከረማችሁ?

ደብዳቤ ሲረዝም መጨረሻው እንደማይነበብ ስለማውቅ ጥያቄዬን ከፊት ላስቀምጠው። እኔ እንደማየው አዲስ አበባ ውስጥ የአጥር ክርከማው የሚደራው ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ባለው ጊዜ ነው። ይህን ሥራ ወደ ኅዳርና ታኅሣሥ አሻግሩልን። ያኔም ቢሆን ቆራጩ መቀሱን ከማንሳቱ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ ይመልከት። ዋናው ነገር ይኸው ነው። የቀረው ምክንያቱና ዘዴው ነው።

ሥራው ለምን በዚያ ሰሞን እንደሚከመር ይገባኛል። ዝናቡ አጥሩን ያሳብደዋል። ሰኔ ላይ ልኩን ይዞ የነበረው የፈረንጅ ጥድ ነሐሴ ላይ የእግረኛውን መንገድ ተሻምቶ ይገኛል። እንቁጣጣሽ ደረሰ፣ መስቀል ደረሰ፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሰፈሩ ማማር አለበት። የበጀት ዓመቱም ሐምሌ 1 ይጀምራልና አዲስ ዕቅድና አዲስ ገንዘብ በዚያው ሰሞን ይመጣል። ሁሉም ነገር "አሁን ቁረጥ" ይላል። ችግሩ አጥሩ ያን ጊዜ ባዶ አለመሆኑ ነው።

ክረምት ለእኛ የጭቃና የጉንፋን ወቅት ነው። ለብዙዎቹ የከተማችን ትናንሽ ወፎች ግን የጥጋብ ጊዜ ነው። ትሉ ይፈላል፣ ሣሩ ያሸታል፣ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሎ ጎጆ ይሸፍናል። ዘር በል የሆኑት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ጫጩታቸውን የሚያሳድጉት በትልና በአንበጣ ነው። ስለዚህ የሚወልዱት ትሉ ባለበት ጊዜ ነው። እኛ ቤት የምንቀባበት፣ ግቢ የምንጠርግበት ሰሞንና እነሱ ጫጩት የሚያሳድጉበት ሰሞን አንድ ላይ ወደቁ።

የመስቀል ወፍን አስቡ። ዓመቱን ሙሉ ጠፍታ መስከረም ላይ ብቅ ትላለች እንላለን። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድም "እንደ መስቀል ወፍ" ይባላል። እኔ ግን መስከረም ላይ ዓይናችንን ከሚስቡት ወፎች ብዙዎቹ የትም አልሄዱም ባይ ነኝ። በክረምት ወንዶቹ ላባ ቀይረው ደማቅ ቢጫ፣ ቀይና ጥቁር የሚለብሱ ወፎች አሉን። በጋው ሲገባ ያን ልብስ ያወልቁትና እንደ ድንቢጥ ቡናማ ሆነው ይከርማሉ። አጠገባችን እያሉ አናያቸውም። ያን ልብስ የሚለብሱት ደግሞ ለትዳር ነው። ከእነሱ መካከል አንዳንዶቹ ጎጆአቸውን የሚሠሩት ረጅም ሣር ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ ለሣር አጫጆችም ይመለከታል። የመንገድ አካፋዩን እጨዱት፤ ግድ የለም። ወንዝ ዳር ያለውን፣ ሰው የማይሄድበትን ሣር ግን እስከ ጥቅምት መጨረሻ ተዉት።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። በአንድ የነሐሴ ጠዋት እኛ ሰፈር መንገድ ዳር ያለውን የጥድ አጥር ሠራተኞች ይከረክሙ ነበር። መቀሱ ሲያልፍ ከሣር የተጠለፈ፣ ጭብጥ የሚያህል ነገር አስፋልቱ ላይ ዱብ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቃት፣ ፊቷ ጠቆር ያለ ቢጫ ወፍ የምትሠራው ዓይነት ጎጆ ነው። አንዱ ወጣት አነሳው። ሣሩ ገና አረንጓዴ ነበር። አንዷ ቀጭን ሣር በሌላዋ ሥር ገብታ፣ ዞራ፣ ተመልሳ ታስራለች፤ ሰው በመርፌ እንኳ እንዲህ አይጠልፍም። ልጁ በመግቢያው ጣቱን ሰደድ አደረገና ፊቱ ተለወጠ። ሁለት ጫጩት። ላባ የላቸውም፤ ዓይናቸው አልተገለጠም። ኃላፊያቸው ከወዲያ "ቶሎ በል!" ይለዋል። ልጁ ጎጆውን አጥሩ አናት ላይ አስቀመጠው። ግን አጥሩ እንደ ጠረጴዛ ተስተካክሏል፤ ጎጆው የሚንጠለጠልበት ቀንበጥ የለም፣ የሚሸፍነው ቅጠልም የለም። እናትና አባት መብራት ገመዱ ላይ ሆነው ሲጮኹ አረፈዱ። ከሰዓት ቁራ ጨረሳቸው።

ልጁን አልወቅሰውም። በሜትር የሚከፈለው የቀን ሠራተኛ ነው። ቆሞ ቢያይ ከእንጀራው ላይ ነው የሚጎድለው። "ከመቁረጥህ በፊት እይ" ብሎ የነገረው የለም፤ ለማየት የሚሆን ሰዓትም አልተያዘለትም። ጥያቄዬን ለእናንተ የማቀርበውም ለዚህ ነው። ይህ በሥራ ትዕዛዝ የሚስተካከል ነገር ነው።

ጀርመን የሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩን በደንብ ያውቁታል። እዚያ አገር በፈረንጆቹ ከማርች 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ አጥርን ከሥር መቁረጥም ሆነ በኃይል ማሳጠር በሕግ የተከለከለ ነው። የዓመቱን ለጋ እድገት በቀላሉ ማስተካከል ብቻ ይፈቀዳል። የራስህ ግቢ ቢሆንም ያው ነው። እኔ ግን የእነሱን ወራት እንድንገለብጥ አልፈልግም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? የእነሱ ወፍ በእነሱ ፀደይና በጋ ትወልዳለች። የእኛዎቹ የሚከተሉት ዝናቡን ነው።

ይህን ስል ኅዳር ላይ ዓይን ጨፍኖ መቁረጥ ይቻላል ማለቴ አይደለም። ዋኖስ በየትኛውም ወር ጎጆ ላይ ልትገኝ ትችላለች። ጭልፊትና ሌሎች ሥጋ በል ወፎች ብዙ ጊዜ የሚወልዱት በበጋ ነው፤ ያውም ረጃጅም ዛፍ ላይ። በልግ ሲመጣም፣ ከየካቲት ጀምሮ፣ እንደገና ጎጆ የሚጀምሩ አሉ። ኅዳርና ታኅሣሥን የመረጥኩት ለትናንሾቹ የአጥር ወፎች ጉዳቱ የሚቀንስበት ጊዜ ስለሆነ ነው። ማየቱ ግን ሁልጊዜም አይቀርም።

ማየት ደግሞ ትምህርት ቤት አያስገባም። ከአጥሩ ራቅ ብሎ ሩብ ሰዓት መቀመጥ ነው። አንዲት ወፍ በአፏ ትል ይዛ ሁለት ሦስቴ አንድ ቦታ ከገባች እዚያ ጫጩት አለ። ሣር ወይም ላባ ይዛ ከገባች ደግሞ ቤት እየሠራች ነው። ከዚያ ቀረብ ብሎ ቅጠሉን በእጅ ገለጥ ማድረግ ነው። ጎጆ ከተገኘ ግራና ቀኙን ሁለት ሁለት ሜትር መተውና ቀይ ጨርቅ ማሰር ይበቃል። ትንሽ ወፍ እንቁላል ከመጣል አንስቶ ጫጩቶቿ እስኪበሩ የሚፈጅባት አንድ ወር ገደማ ነው። አንድ ወር አራት ሜትር አጥር ቢጎፍር ከተማው አይፈርስም።

እንግዲህ ስለ አቆራረጡም ትንሽ ልበል። እዚህ ላይ የወፉም የዛፉም ጥቅም አንድ ነው።

የፈረንጅ ጥድ አጥርን አረንጓዴውን አልፋችሁ ወደ ቡናማው እንጨት ከገባችሁ ከዚያ ቦታ መልሶ አያቆጠቁጥም። በየሰፈሩ የሚታየው ግማሽ ጎኑ የደረቀ አጥር የመጣው በዚህ መንገድ ነው። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ፣ አረንጓዴው ላይ ብቻ ይከርከም። ከሥር ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ይደረግ። አናቱ ከሰፋ እግሩ ብርሃን ያጣና ይራቆታል፤ ያኔ ለድመት መግቢያ ለወፍ መከራ ይሆናል። ረጅም አጥር ካላችሁ ደግሞ ዘንድሮ አንዱን ጎን፣ ለከርሞ ሌላውን ቁረጡ። አጥር ውስጥ የሚኖሩት ወፎች ብቻ አይደሉም። እስስት አለች፣ ንብ አለ፣ ቢራቢሮ አለ፣ ሸረሪት አለ። ግማሹ ቤታቸው ሲቀር ወደዚያ ይሸሻሉ። (እስስትን ልጆች ባዩ ቁጥር በድንጋይ ያሳድዷታል። ይህች ምስኪን ዝንብና ፌንጣ ከመብላት ሌላ ማንን በድላ ነው?)

ትልቅ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ ደግሞ ከላይ ብቻ መገዝገዝ ክፉ ልማድ ነው። ቅርንጫፉ ሊያልቅ ሲል በክብደቱ ይወድቅና የግንዱን ልጥ እስከ ታች ይገሽልጠዋል። በዚያ ቁስል ብስባሽ ይገባል፤ ከዓመታት በኋላ ያ ዛፍ መኪና ላይ ሲወድቅ "ነፋስ ጣለው" ይባላል። ትክክለኛው በሦስት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ከግንዱ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ ከሥር ወደ ላይ ሲሶውን መገዝገዝ። ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወደ ውጭ ወጣ ብሎ ከላይ መቁረጥ፤ ቅርንጫፉ ልጥ ሳይገነጥል ይወድቃል። በመጨረሻ የቀረችውን ጉማጅ ማንሳት፤ ግንዱ ሥር ያለውን ያበጠ ቀለበት ግን ሳይነኩ። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በዚያ ቀለበት ነውና። ቁስሉን ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋዋል።

አናት መቁረጡንስ ምን ልበለው? ሃምሳ ዓመት የቆመ ዛፍ አናቱ ይቀነጠስና እንደ ምሰሶ ተገትሮ ይቀራል። "ያሳጠርነው ለደህንነት ነው" ይባላል። ከተቆረጠው ጫፍ የሚያቆጠቁጠው ግን በቀጭን ልጥ የተንጠለጠለ፣ በቀላሉ የሚገነጠል ቅርንጫፍ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ አደጋው ከቀድሞው ይብሳል። ቅርንጫፍ ማሳሳት ይቻላል። መቆረጥ ካለበትም ከሥሩ ተቆርጦ በቦታው ሌላ ይተከል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልሂድ፤ ወደ ደረቁ ዛፍ። ለእኛ ደረቅ ዛፍ ማገዶ ነው። ለግንደ ቆርቁር ግን ደረቁና የበሰበሰው ግንድ የሚፈለፈል ቤት ነው። እሷ ትታው የሄደችውን ቀዳዳ ሌላው ይወርሰዋል። ከወራሾቹ አንዷ ከእኛና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን ናት። ክንፏ ጠቆር ይላል፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አሉ። በጥንድ ወይም በቡድን ሆነው እየተንጫጩ ከዛፍ ዛፍ ሲበሩ ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። የጥድና የሾላ ፍሬ ይወዳሉ። ማታ የሚያድሩትም ጎጆ የሚይዙትም የዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነው። ቀዳዳ ያለውን ዛፍ ሁሉ "አርጅቷል" ብለን ከጣልነው እነዚህ ወፎች የት ይደሩ? ጉጉትም ቀዳዳ ትወዳለች። ሟርተኛ እያልን እናባርራታለን እንጂ ሌሊቱን ሙሉ አይጥ የምትለቅምልን እሷ ናት።

ሰው የሚያልፍበት መንገድ ላይ ያዘነበለ ደረቅ ዛፍ ይቆረጥ፤ በዚህ ክርክር የለኝም። መናፈሻ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ሰፊ ግቢ ጥግ ያለው ግን ቅርንጫፉ ተነስቶ ግንዱ ሦስት ሜትር ያህል ቢቆም ማን ላይ ይወድቃል? የተቆረጠውንም ቅርንጫፍ ሁሉ አይሱዙ ላይ ጭኖ ከመውሰድ ወይም እዚያው ከማቃጠል፣ ጥቂቱ አንድ ጥግ ላይ ተከምሮ ይበስብስ። ከሥሩ የሚፈላውን ትል ሲለቅሙ የሚውሉ ወፎች አሉ።

ባሕር ዛፍን በተመለከተ ለብቻው የሚባል ነገር አለ። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ከተማዋን በማገዶና በማገር ያኖራት እሱ ነው፤ አሁን ግን የሚሰድበው እንጂ የሚያመሰግነው የለም። ውኃ ይጠጣል፣ ከሥሩ ሌላ አያበቅልም፤ እውነት ነው። ይሁንና ትልልቆቹን ባሕር ዛፎች አንድ ቀን ቀና ብላችሁ እዩ። ጭልፊቱም ጥንብ አንሣውም ማደሪያቸው አድርገውታል። በአገር በቀል ዛፍ መተካት ጥሩ ነው፤ ግን ተተኪው ቁመት ሳያወጣ ነባሩን በአንድ ጊዜ መመንጠር ማለት እነዚህን ሁሉ ሜዳ ላይ መጣል ነው። በተራ በተራ ይሁን።

መትከሉን ተክነንበታል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። ምን እንትከል የሚለው ላይ ግን ወፉንም እናማክረው እላለሁ። መንገድ ዳር ዘንባባና ሣር ደርድሮ ማሳመር ይቻላል፤ ዓይን ይማርካል። ለሶሪት ግን ምኗም አይደለም። ሶሪት ስትበር ክንፏ ሥር ያለው ቀይ እንደ እሳት ቦግ ይላል፤ ዛፍ በበዛባቸው የአዲስ አበባ ግቢዎች ዛሬም ትታያለች። የምትፈልገው ፍሬ ነው፦ ሾላ፣ ጥድ፣ ወይራ። የበላችውን ዘር ደግሞ ሌላ ቦታ ትዘራዋለች፤ ያለ ደመወዝ።

ለአጥርም አገር በቀል ሞልቶናል። ስሚዛ በእንጨት ተተክሎ ቶሎ ይይዛል፤ ነጭ አበባው ላይ ንብ አይጠፋም። ኮርች ገጠር ለአጥር የኖረ ነው። በበጋ ቅጠሉን አራግፎ ቀይ አበባ ሲያወጣ፣ ሹል አፍ ያላቸውና የሚያብረቀርቁት አበባ መጣጭ ወፎች ይሻሙበታል። ቀጋና አጋም እሾህ አላቸው። ከአጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ቢባልም፣ ከአጋም የተጠጋች ወፍ ግን ድመትም ቁራም በቀላሉ አይደርስባትም፤ ፍሬውንም ትበላለች። ለሌባም ቢሆን ከሽቦ አይተናነሱም። የወፍ ቆሎን ግን አደራ አትትከሉ። ወፍ ፍሬውን ይወደዋል፤ ዘሩን በየቦታው ሲበትነው ግን ወራሪ ሆኖ ሌላውን ያጠፋል። ችግኙ ከየት ይመጣል ካላችሁ፣ 705 ሄክታር ላይ ያረፈው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል አገር በቀል ዕፅዋትን የሚያጠናና የሚያባዛ የከተማችን ቤት ነው።

የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። አጥር ሲጎፍር ሌባ ይደበቅበታል ይባላል። መታጠፊያና በር አካባቢ ያለው ዝቅ ብሎ ይከርከም፤ አሽከርካሪም እግረኛም ይይ። የመብራት ገመድ የነካ ቅርንጫፍም ኅዳርን አይጠብቅም። እባብ ይመጣል የሚለውን ግን ብዙም አልቀበለውም። እባብን የሚጠራው አይጥ ነው፤ አይጥን የሚጠራው ደግሞ አጥሩ ሥር የምንጥለው የምግብ ትርፍ ነው።

ስለዚህ ከእናንተ የምጠይቀው ይህን ያህል ነው። የክርከማው ሥራ በዕቅዳችሁ ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ይግባ። ነሐሴና መስከረም ላይ መንገድ የዘጋው ብቻ ይነካ፤ ያውም ጫፍ ጫፉን። በጨረታ ሰነዱና በሥራ ትዕዛዙ ላይ "ከመቆረጡ በፊት ጎጆ ይፈተሻል" የምትል አንዲት መስመር ትጨመር፤ ለፍተሻውም ሰዓት ይያዝ፣ ይከፈልበት። ለመከርከሚያ ቡድኖች የግማሽ ቀን ሥልጠና ይሰጥ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በፈረንጆቹ ከ1966 ጀምሮ ያለ ማኅበር ነው፤ ወፍ የሚያውቁ ሰዎች አሉት፤ ብታማክሩት ይጠቅማችኋል። አዲስ አዋጅ አውጡ አላልኩም። የዱር እንስሳት አዋጅ አለን። እኔ የምፈልገው የቀን መቁጠሪያና የሩብ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

የግል ግቢ ያላችሁ ደግሞ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባችሁም። አትክልተኛው ለበዓል "ልከርክም?" ብሎ ሲመጣ የግቢውን ሣር፣ የአበባ መደቡን፣ በሩን ስጡት። አጥሩን ለኅዳር ቅጠሩት። የዕለት ገቢው አይጎድልበትም፤ እንዲያውም በዓመት አንድ ተጨማሪ ቀን ሥራ ያገኛል።

እኛ ሰፈር ያለን ጥቂት ሰዎች ከሠራተኞቹ ጋር ቅዳሜ ጠዋት ዞረን ጎጆ ለመፈተሽ ፈቃደኞች ነን። ቀይ ጨርቁንም እኛ እናመጣለን። መልሳችሁን ከሰኔ መጨረሻ በፊት ብትሰጡን ደስ ይለናል፤ የሐምሌው ዕቅድ አንዴ ከጸደቀ በኋላ ማስለወጥ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለየቤተ ክርስቲያኑና ለየመስጊዱ ቅጥር ግቢ ተንከባካቢዎች
ለየትምህርት ቤቱ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ
መሰላልና መቀስ ይዞ በየበሩ "የሚከረከም አለ?" ለሚለው ወንድማችን